ዳቦ ውስጥ የተደበቀ ኪኒን

ብዙነሽ ዳቦውን ከጎኑ በቢላዋ ሰነጠቀችው። ለስላሳውን መሃል በጣቷ ገፋ አድርጋ አራት ፍሬ ኪኒን ከተተችበት። ቀይና ጥቁር ነው፤ አምፒሲሊን ይሉታል። ስንጥቁን መልሳ ገጠመች፣ ዳቦውን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ከሾርባው ፔርሙዝ ጋር ዘንቢል ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ታጠበች።

ገብረመድህን እንዲሞት ትፈልጋለች። ለዚህ መርዝ አላስፈለጋትም። እሱ ራሱ ለምኖ የሚያስመጣውን መድኃኒት ማቀበል ብቻ ይበቃት ነበር።

ገብረመድህን የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበር። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ደርግን ከድቶ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ፤ ናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ስደተኛውን ማከም ያዘ። የተማረው ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት ነው። ሰው ግን «ዶክተር» አለው። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ለማያውቅ ስደተኛ ሕመሙን በአማርኛ የሚሰማለት እሱ ብቻ ነበር። ጉንፋን ለያዘው አምፒሲሊን ይሰጣል። ሆዱን ለቆረጠው አምፒሲሊን ይሰጣል። የቆሰለ ሲመጣ ኪኒኑን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። አብዛኛው ሰው ይድናል። ጉንፋን በራሱ ጊዜ የሚለቅ መሆኑን ያሰበ የለም፤ ምስጋናው ለኪኒኑና ለገብረመድህን ይሆናል።

በዚህ የተነሳ በናይሮቢ ሐበሻ ዘንድ አንድ ልማድ ገባ። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሊጠየቅ ሲኬድ ብርቱካንና ሙዝ ይያዛል፤ ከሙዙ ሥር ደግሞ ኪኒን ይያዛል። አንዱ ሁለት ፍሬ፣ ሌላው አምስት ፍሬ፣ እንደ አቅሙ። ፍራፍሬ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ለደንቡ ያህል ጠየቀ ይባል ጀመር።

በ፲፱፻፸፮ ዓመተ ምሕረት ኢስትሌይን የወፍ በሽታ አዳረሰው። ሰዉ ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ወደቀ። የብዙነሽ ልጅ ዓለምፀሐይ ከወደቁት አንዷ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ናይሮቢ ያደገች፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ። ብዙነሽ ከእሷ ሌላ ሰው የላትም። ባሏን አዲስ አበባ ከቤቱ ወስደውት አልተመለሰም። ልጅቷን ይዛ ተሰደደች፤ መሃል ከተማ ከሪቨር ሮድ ገባ ብሎ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ከፍታ አሳደገቻት።

ሆስፒታል ያስተኛቻት ዶክተር ሙቱኩ የሚባል ቀጭን ሐኪም ዘንድ ነበር። ሐኪሙ በስዋሂሊ እንዲህ አላት። «ይህ በሽታ ቫይረስ ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ዕረፍት ታድርግ፤ ጣፋጭ ነገር ትጠጣ፤ ጉሉኮስ እንሰጣታለን። ሰውነቷ ራሱ ያሸንፈዋል።»

ገብረመድህን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ውኃና ዕረፍትማ ቤቷም ነበረላት። ሆስፒታል ድረስ ለውኃ መጣችሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒን እያመጣ በማንጎ ጭማቂ በጠበጠላት። ኩባያውን ለልጅቷ የምትሰጠው ብዙነሽ ነበረች።

«ማሚ፣ ሲታኪ» ትላለች ልጅቷ፤ አልፈልግም ማለቷ ነው። «ይመራል።»

«የሚመር ነው የሚያድነው። ጠጪው» ትላታለች እናቷ።

ዓለምፀሐይ ዓይኗ ጠራ፤ መብላት ጀመረች። ልትወጣ ቀን ስትጠብቅ ጉሉኮሱ የተሰካበት ክንዷ አብጦ ቀላ፤ ትኩሳት ተነሳባት። ዶክተር ሙቱኩ አምፒሲሊን በመርፌ አዘዘ። አልሠራም። ሌላ ጨመረ፤ እሱም አልሠራም። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ጀርሙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሆሳዕና ማግስት ሞተች።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞ አስረዳት። «ይህ መድኃኒት ቫይረስ አይነካም። የሚገድለው ሌሎቹን ጀርሞች ነው። በየቀኑ ሲወሰድ ደካሞቹ ያልቃሉ፤ የለመዱት ጠንካሮቹ ይቀሩና ይራባሉ። በእውነት ስንፈልገው ከዳን። ማን ነው የሰጣት?»

ብዙነሽ አላውቅም አለች። ስሙን ለሐኪም መስጠት አልፈለገችም። ለራሷ አስቀረችው።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ገብረመድህን ነበር። ከልቡ አለቀሰ። «የእግዜር ሥራ ነው፤ እኛ የምንችለውን ሁሉ አድርገናል» አላት። እሷ ፊቱን አየችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እየሸጠችና እያበሰለች ጠበቀች።

ሰኔ ላይ የገብረመድህን ዓይን ቢጫ ሆነ።

*

ዛሬ ዳቦውን ይዛ ወደ ገብረመድህን ስትሄድ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። ሆስፒታል እንደተኛ ሰሞን ስንቅ ማመላለሱን እኔ ልያዝ ብላ የጠየቀች እሷ ናት። ሰው ሁሉ መረቃት። «ልጇን በቀበረች በሁለት ወሯ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣት» ተባለላት።

ማታቱ ተሳፍራ ሆስፒታሉ በር ወረደች። በጥየቃ ሰዓት የወንዶች ክፍል መግቢያ ላይ አንዲት ነርስ ቆማ የሐበሾችን ዘንቢል ትበረብራለች። ከዓለምፀሐይ ሞት በኋላ ዶክተር ሙቱኩ ያወጣው ትእዛዝ ነው። ከብዙነሽ ፊት የነበረው ሰውዬ ሙዙን አራግፎ አሳየ። ነርሷ ከሥሩ ኪኒን አግኝታ ወሰደችበት።

ብዙነሽ ስትደርስ ነርሷ እጇን ሰበሰበች። «አንቺ እለፊ፣ ማማ» አለቻት። ዶክተሩ ራሱ ነግሯታል፤ ይህች እናት ልጇን በዚህ ነገር ያጣች ናት፤ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ አትፈተሽ ብሏል።

ገብረመድህን ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቆዳው እንደ እርድ ነው። ጉሉኮስ ክንዱ ላይ ተሰክቷል። ብዙነሽ መርፌው የገባበትን ቦታ አየች። አላበጠም። ገና ነው።

«መጣሽ? እነዚህ ሰዎች በስኳር ውኃ ሊያሰምጡኝ ነው» አለ።

«ጋሼ ገብረመድህን፣ እንዴት አደሩ?»

«አዳሬንማ ሽንት ቤቱን ጠይቂው። ዳቦ አለ?»

«አለ።»

«የኔ ዳቦ?»

«የእርስዎ ዳቦ ነው። ከጣሳው ነው ያወጣሁት።»

መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነበር። ኢስትሌይ ያለውን የክፍሉን ቁልፍ ጎረቤቱ ታመነ ይሰጣታል። ብዙነሽ ሌላ ኪኒን ገዝታ አታውቅም። ከራሱ ጣሳ እያወጣች ለራሱ አፍ ታደርስለታለች። እዚህ ላይ ሐሳቧ ይቆምና ደስ ይላታል።

ገብረመድህን ዳቦውን ገምሶ ሁለት ፍሬ ዋጠ። የቀረውን ኪኒን በመዳፉ ይዞ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረ።

እዚያ የተኛው በድሩ የሚባል የኢስትሌይ ነጋዴ ነው። ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሞያሌ ሲመጣ የጭነት መኪናው ተገልብጦ ቅልጥሙ ተሰብሮ ሥጋው ተቀዷል። እናቱ ዛራ እሱን ልታስታምም ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ወንድሟ አብዱልሰላም ቤት ነው ያረፈች። ስዋሂሊ አታውቅም። ከሐኪም ጋር ስትነጋገር የምታስተረጉመው በብዙነሽ ነው።

«በድሩ፣ እግርህን አምጣ» አለ ገብረመድህን።

«ዶክተርዬ፣ ትናንትም ነስንሰህልኛል እኮ።»

«ወታደር ብቻውን አይበላም፤ ብቻውንም አይታከምም። አምጣ ብዬሃለሁ።»

ዛራ ነርሷ እንዳታይ ተነስታ ከለለች። ገብረመድህን ጉሉኮሱን እየጎተተ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ላላ አደረገና ኪኒኑን ፈልቅቆ ነሰነሰ። ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ተኛ። ሌላውን ፍሬ ልጁን አስዋጠው።

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለች ዛራ። ወደ ብዙነሽም ዞረች። «አንቺንም እህቴ። ለኛም ሰው ሆነሻል።»

ብዙነሽ ከሾርባው ቀድታ ሰጠቻት። በልቧ አንድ ነገር ኮሰኮሳት፤ ወዲያው ደፈጠጠችው። የልጁ ቁስል እየጠገገ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ መነስነስ ምን ያደርገዋል አለች። አንድ ሁለት ጊዜ አለመሆኑን ግን ታውቃለች። በየቀኑ ነው የምታየው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ብዙነሽ ዳቦ ትወስዳለች፤ ገብረመድህን ይውጣል፤ የተረፈውን ለበድሩ ያካፍላል። እሷ በየቀኑ ክንዱን ታያለች። ክንዱ ደህና ነው። ዓይኑም መጥራት ጀመረ።

«ዛሬ መልክዎ አምሯል፣ ጋሼ» አለችው አንድ ቀን። ድምጿ ደረቅ ነበር።

«ባንቺ እጅ ነው» አላት። «ይኸውልሽ፣ ኪኒኑ ሥራውን ሠራ። ልጃችን ላይ ጊዜ አነሰን እንጂ፣ እሷም ትተርፍ ነበር።»

ልጃችን ማለቱ ብዙነሽን አቃጠላት። በማግስቱ አራቱን ፍሬ ወደ ስድስት ከፍ አደረገችው።

*

አንድ ዓርብ ብዙነሽ ስትገባ ዶክተር ሙቱኩ የበድሩ አልጋ አጠገብ ቆሟል። ፋሻው ተፈትቷል። ቁስሉ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ይሸታል። የልጁ ግንባር ላብ በላብ ነው።

«ጥሩ መጣሽ፣ ማማ» አለ ሐኪሙ። «ለእናቲቱ ንገሪልኝ። ቁስሉ አመርቅዟል። ዛሬ አምፒሲሊን በመርፌ እንጀምራለን። ላቦራቶሪው እስኪነግረን ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሌላ ጠንካራ መድኃኒት አለ፤ ግን ኩላሊትና ጆሮ የሚጎዳ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት አልሰጠውም። ስለዚህ ጠይቂያት። ከውጭ የመጣ መድኃኒት ወስዷል? ቁስሉ ላይስ የተደረገ ነገር አለ?»

ብዙነሽ ቃል በቃል ተረጎመችላት። ዛራ ወደ ገብረመድህን አየች። ገብረመድህን ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ ነው።

«የለም በይው» አለች ዛራ። «ያባርሩናል። የለም በይው፣ እህቴ።»

ብዙነሽ ቆመች። ሁለት ሦስት ቀን ምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሐበሾች የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ዓለምፀሐይ ያለቀችው በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ከተናገረች ሐኪሙ ዛሬውኑ ጠንካራውን መድኃኒት ይሰጠዋል። ነገር ግን ከተናገረች የገብረመድህንም ትራስ ይፈተሻል፤ ዳቦው ይቀራል፤ ሰውዬው ይተርፋል። ገብረመድህን አልጋው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ክንዱ ላይ፣ መርፌው ከገባበት ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ትንሽ መቅላት አይታበታለች። የጠበቅኩት ይኸው መጣ ብላ አሰበች።

«ሀኩና» አለችው ሐኪሙን። የለም።

ሐኪሙ አመናት። ከማንም በላይ የሚያምነው እሷን ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጥየቃ አልነበረም። ብዙነሽ ምግብ ቤቷ ውስጥ ስትሠራ ዋለች። ደንበኞቿ ጨው በዛ አሏት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች መቅላቱን ታስባለች፤ የልጁ ግንባርም ይመጣባታል፤ ታባርረዋለች። እኔም እናት ነበርኩ፤ ለኔ ማን ተናገረልኝ ትላለች።

እሑድ ዳቦውን ይዛ ሄደች። የገብረመድህን ክንድ መቅላቱ ጠፍቷል። መርፌውን ነቅለው ሌላ ክንዱ ላይ ሰክተውለት ነበር። ዓይኑ ነጭ ነው። ቆሞ ይንጎራደዳል።

በድሩ ግን እናቱን አያውቃትም። ስሟን እየጠራ እሷኑ «አንቺ ማነሽ?» ይላታል። ዛራ እግሩን በቀዝቃዛ ጨርቅ ታብሳለች። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል።

«ይህ ኪኒን አልበቃውም» አለ ገብረመድህን ዝቅ ባለ ድምጽ። «ዳቦውን አምጪው፣ ልጨምርለት።»

ብዙነሽ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። ነርሷን የበረኛው ወንበር ላይ አገኘቻትና ዳቦውን ሰንጥቃ እፊቷ አስቀመጠችው። «ለሐኪሙ ደውዪለት» አለቻት። «በየቀኑ ነው ሁለቱም የወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኗቸዋል። ቁስሉም ላይ ተነስንሷል። ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሙቱኩ ዕረፍቱን ትቶ መጣ። ጠንካራውን መርፌ አስጀመረ። ልጁ ነፍሱ ተረፈች፤ ትኩሳቱ ወረደ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ሞቶ ነበርና ማክሰኞ ተቆረጠ።

*

ዛራ ብዙነሽን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንዲት ነርስ አማርኛ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆና ሁሉንም ነገረችኝ» አለች። «ልጅሽን ይኸው ነገር ነው የገደላት?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ አላውቅም ነበር። ሰውዬውም የሚያውቅ አይመስለኝም።» ዛራ ሻሿን አጠበቀች። «ዓርብ ዕለት የለም በይው ስልሽ፣ ያኔም ታውቂ ነበር?»

ብዙነሽ ልትዋሽ ትችል ነበር። «ያኔም አውቅ ነበር» አለች።

ዛራ ስትናገር ድምጿ ከፍ አላለም። «ሐኪሙ ዓርብ ዕለት ቢነገረኝ እግሩ ላይቆረጥ ይችል ነበር ብሏል። አንቺ ጠላት ነበረሽ፤ ይሁን። የኔ ልጅ ግን ምንሽ ነበር? እኔ ፖሊስ አልጠራም፤ አልጮህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ። ለኔ የነገርሽኝን ለሰዉ ንገሪ። ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱም ባለበት። እምቢ ካልሽ እኔ እነግራለሁ፤ እኔ ስነግር ደግሞ የሚከፋው ለአንቺ ነው።»

ተነስታ ሄደች። ብዙነሽ አልተከፋችም። እንዲያውም ከውስጧ አንድ የቆየ ነገር ብድግ አለ። ገብረመድህን እንዲሞት መፈለጓ ስሕተት ነበር፤ የሞተ ሰው ምንም አያውቅም። መኖርና ማወቅ አለበት።

*

ገብረመድህን ድኖ ወጣ። ለሐምሌ ገብርኤል ዝክር ነበረው፤ በዚያ ዓመት ምስጋናውንም ጨመረበት። ኢስትሌይ የታመነ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጣለ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ድረስ ያለ ሐበሻ ሁሉ መጣ። ወጡን የሠራችው ብዙነሽ ናት። እንድትሠራ የለመናት ራሱ ገብረመድህን ነው፤ አመላልሳ ያተረፈችኝ እጅ ትሥራልኝ ብሎ። እሑድ ዕለት ዳቦውን ነርሷ ፈትሻ ያገኘችው መስሎታል። የሞያሌ ነጋዴዎችም ተጠርተዋል። ዛራ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በድሩ ክራንቹን አጠገቡ አስደግፎ ወንበር ላይ ነው።

ሰው ምግቡ መሃል ሲደርስ ገብረመድህን ቆመ። ከስቷል፤ ግን ፊቱ ወዝ አለው።

«ሆስፒታሉ ውኃ ሰጠኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ። «ነፍሴን የመለሰችው ግን ይህች ሴት ናት። ነርስ እየፈተሸች፣ ሐኪም እየተቆጣ፣ መድኃኒቴን በዳቦ አድርጋ አድርሳልኛለች። ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ሰው ያለበት ቤት የብዙነሽን ዳቦ ይጠይቅ።»

ጭብጨባ ሆነ። አንዲት ሴት «የኔም ልጅ ጉንፋን ይዞታል» ብላ ከዚያው ጠየቀቻት።

ብዙነሽ ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ መሃል መጣች።

«ያመጣሁልህ እንድትሞትልኝ ነው» አለችው።

ሰዉ አልገባውም። አንዳንዱ ፈገግ አለ።

«ዓለምፀሐይን የገደልክበት ኪኒን ነው። በሽታው የወፍ በሽታ ነበር፤ ኪኒን አይነካውም፤ በራሱ ነው የሚለቀው። አንተንም በራሱ ለቀቀህ። ኪኒኑ ያደረገው ሌላ ነው። ልጄ መድኃኒቱ በእውነት ሲያስፈልጋት፣ አስቀድመህ አበላሽተህባት አልሠራም። አንተም እንደዚያው እንድትሆን በየቀኑ አመጣሁልህ። አንተ ዳንክ። በድሩ እግሩን ከፈለ። ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ሲጠይቅ አውቄ የለም አልኩ፤ አንተ እንዳታመልጠኝ።»

«ኧረ በሥላሴ፣ ሐዘን ነው ያናገራት» አለች አንዷ።

«ሐዘን አይደለም» አለች ዛራ ከበሩ። «እውነት ነው።»

ገብረመድህን በድሩን አየ። ከዚያ የራሱን መዳፍ አየ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ የያዙትን ጉርሻ ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱ። አጠገባቸው ያለው ሰው እሳቸውን አይቶ እጁን ሰበሰበ። ወጡን ማን እንደሠራው ሁሉም አስታወሰ። ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ እጁን ታጠበና ወጣ። ተሰናብቶ የወጣ የለም።

*

ከዚያ በኋላ ኢስትሌይ ውስጥ የገብረመድህንን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ሪቨር ሮድ ገባ ብሎ ያለችው ምግብ ቤትም ባዶዋን ዋለች። ምግብ ውስጥ ነገር ደብቃ ታመጣ ከነበረች ሴት እጅ የሚበላ የለም። ብዙነሽ ግን በየማለዳው እሳት ታነዳለች፤ ድስት ትጥዳለች። ይህ እንደሚመጣ ዳስ ውስጥ ሳለች ታውቅ ነበር። ዋጋው ነው አለች፤ ከፈልኩት።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ገብረመድህን ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ተቀመጠ።

«ሾርባ አለሽ?»

ቀድታ እፊቱ አኖረችለት። ማንኪያውን አነሳ፤ አልቀመሰም።

«የበድሩን አልክድም» አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ያረፉበት ቤት ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ብል እናቱ አላስገባችኝም። ስለ ዓለምፀሐይ ግን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ሐኪሙን ጠይቀሽዋል?»

«ጠይቄዋለሁ።»

«ኪኒኑ ባይሰጣት ኖሮ ትተርፍ ነበር ብሏል? ራሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?»

ብዙነሽ ቆማ አየችው። ኩባያውን ያጠጣሻት አንቺ ነሽ እስኪላት ጠበቀች። የምትመልስለትን አዘጋጅታ ኖራለች። አላላትም። ያ ነገር ትዝም ያለው አይመስልም። ዓይኖቹ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዶክተር ሙቱኩ ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ፣ ሁሉንም አስረድቷት ከጨረሰ በኋላ፣ አንድ ነገር ጨምሮላት ነበር። ጀርም ደም ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ ቢሠራም ብዙ ሰው ይሞታል፤ ልጅሽ ትተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ይህን ማንም አያውቅም ብሏት ነበር። ብዙነሽ ይህን ቃል ለማንም አልነገረችም። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት እያወጣች ራሷን የምታረጋጋበት ነው።

«ራሱ ነው ያለው» አለችው። «ትተርፍ ነበር አለ። ኪኒኑ ነው የገደላት አለ።»

ገብረመድህን ራሱን ዝቅ አደረገ። ሲነሳ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው። ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ትዝ ብሎት ተመልሶ አነሳው፤ አላያትም።

ብዙነሽ በመስኮቱ ተከተለችው። መንገዱን ሲሻገር እንደ ሽማግሌ ነበር የሚሄደው። እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ ያልተነካውን ሾርባ አንስታ ወደ ድስቱ ገለበጠችው።